ዓይንሽ የት ጋ ቆመ?

(በአዲስ አበባ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብ ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ፎቶዎቹን ያነሳችሁ ልጆች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ወደ ግድግዳው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከፎቶዎቹ ሥር ርእስ አታገኙም። «የእናት ፍቅር»፣ «ተስፋ»፣ «የሕይወት ውጣ ውረድ» የሚል ነገር የለም። ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «መስመር»፣ ወይም «ጥላ»፣ ወይም «ባዶ ቦታ»። አንዳንዶቻችሁ ስትገቡ አይታችሁ «ርእሱን መለጠፍ ረስተው ነው እንዴ?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። አልተረሳም። ልጆቹ የተሰጣቸው የቤት ሥራ ያ ቃል ብቻ ስለነበረ ነው። ለምን እንዲያ እንደሆነ ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ክበቡን ስንጀምር የመጀመሪያውን ሥራ የሰጠሁት እንደ ማንም ሰው ነበር። «ባህላችንን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ» አልኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያ ሁለት ልጆች መጡ፤ አሥራ አራቱ ያመጡት የቡና ሥርዓት ነው። ጀበናው መሐል ላይ፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ፣ ፈንዲሻው ከጎን፣ ቄጠማው ከሥር። ሁሉም የተነሳው በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ባህል» ስላቸው ከዚህ በፊት በካላንደርና በማስታወቂያ ላይ ያዩትን ሥዕል ከጭንቅላታቸው አወጡና እሱን የሚመስል ነገር ቤታቸው ውስጥ ፈለጉ። ሲያገኙ አነሱ። ማየት አላስፈለጋቸውም።

በሳምንቱ ቀየርኩት። «መስመር አምጡልኝ» አልኩ። «ሰው ይኑርበት አይኑርበት፣ ያምር አያምር፣ አልጠይቃችሁም። መስመር ብቻ።» ግራ ገባቸው። አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የምን መስመር?» «ዓይንሽን ይዞት የሚሄድ» አልኳት።

የመጣውን ብታዩት! የቀላል ባቡሩ ድልድይ ከሥሩ ተነስቶ፤ ቆርቆሮ አጥር ላይ ዝናብ ያወረደው ዝገት፤ ምሰሶ ላይ የተተበተበ የመብራት ሽቦ፤ የአንድ ሽማግሌ ግንባር፤ የነጠላ ጥለት፤ ወንበር ላይ የተረሳ የመቁጠሪያ ክር። ሃያ ሁለት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓይነት ፎቶ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ርእሰ ጉዳይ ሰጥቻቸው አላውቅም።

አንዱን ከመካከላቸው ላሳያችሁ። በሩ አጠገብ ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ፣ ፊቱን በባሕር ዛፍ አጠና የታሰረ መወጣጫ ሸፍኖታል። ከኋላው መስታወቱ ገብቷል። ልጁ መጀመሪያ ያነሳው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነበር፤ ሁሉም ነገር አለበት። ሚኒባስ አለ፣ የሥራ ተቋራጩ ታፔላ አለ፣ ጀርባዋን የሰጠች በቆሎ ጠባሽ አለች። «መስመሩ የታለ?» አልኩት። «እዚህ» አለና በጣቱ አሳየኝ። «ታዲያ ከእሱ ውጭ ያለው ሁሉ ምን ይሠራል?» ዝም አለ። በማግስቱ ተመልሶ ሄደና መንገዱን ተሻገረ፤ ዘበኛው መጥቶ እስኪያባርረው ድረስ ስምንት ጊዜ አነሳ። ስምንተኛው ላይ የቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል የመስታወት መገጣጠሚያ ነው። ሌላው በእጅ የታሰረ፣ ጎበጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ያዘመመ አጠና ነው። አንዱን የሠራው ማሽን፣ ሌላውን የሰው እጅ እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ልጁ ስለ ከተማው እድገት አንድ ቃል አልተናገረም። ሁለት ዓይነት መስመር አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠ፣ በቃ።

ሥዕል የሚስል ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ መስመር ይጨምራል፣ ቀለም ይጨምራል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን የሚነሳው ከሞላ ዓለም ነው፤ ሥራው መቀነስ ነው። ይህን በቃል ስነግራቸው አልገባቸውም ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ሳነሳላቸው ነው የገባቸው። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩ ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም። ከላይ ጀምረው አንዱን አለት እየፈለፈሉ፣ የማያስፈልገውን እያወጡ 12 ሜትር ያህል ወረዱ። ዛሬ የምንሳለመው ሳይነካ የተረፈውን ነው። ከጉድጓዱ አፍ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች እንዲያ ጎልተው የሚታዩት ዙሪያቸው ስለተነሳ ነው። ያ ልጅ መንገዱን ሲሻገር ያደረገው ይህንኑ ነው።

የንድፍ ትምህርት መሠረታዊ ነገሮች ብዙ አይደሉም። መስመር፣ ቅርጽ፣ ግዝፈት፣ ልስላሴና ሻካራነት፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ባዶ ቦታ። ሰዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ ወዲህ በአገራችን ሥዕል የተማረ ሁሉ እነዚህን ያውቃቸዋል። ችግሩ ልጅ እነዚህን ቃላት ደብተሩ ላይ ጽፎ ለፈተና ሸምድዶ ሲረሳቸው ነው። እኔ ደግሞ በቤቱ ውስጥ እንደሞሉ እንዲያይ ነው የምፈልገው።

ለዚህ ከሁሉ የረዳኝ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፎቶ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው። አያቷ ስፌት እየሰፉ ነው። ፊታቸው የለም። ሁለት እጅ፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ ጅምር መሶብ። አክርማው እንዲለዝብ ውሃ ነክቶታልና ጫፉ ያብረቀርቃል። እስቲ ከመሐሉ ጀምራችሁ ተከተሉት። መሐሉ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቋጠሮ አለ፤ ያ ነጥብ ነው። ስንደዶው አክርማ እየተጠመጠመበት ከቋጠሮው ሲወጣ መስመር ሆነ። መስመሩ ራሱን እየዞረ ክብ ሆነ፤ ያ ቅርጽ ነው። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ መቆም ጀመረ፤ ያን ጊዜ ውስጥና ውጭ ኖረው፣ አንድ ጎኑ ላይ ጥላ ያዘ፤ ያ ግዝፈት ነው። የወስፌው እርምጃ ጣት ሲያልፍበት የሚታወቅ ጎርበጥባጣ ገጽ ሰጠው። አለላው በየዙሩ እየገባ ቀዩንና አረንጓዴውን አመጣ። የንድፍ መማሪያ መጽሐፍ በሰባት ምዕራፍ የሚያስተምረውን እኚህ እናት አንድ ዕቃ ላይ ጨርሰውታል፤ ያውም መሶቡ እንዳይጣመም ዙሩን በልባቸው እየቆጠሩ።

«ለምን ፊታቸውን ተውሽ?» አልኳት ልጅቷን። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ያነሳሁት ፊቷን ነበር። ግን ሳየው እሷ የምታየው እጇን ነው። እሷ የምታየውን ላንሳ ብዬ ነው።» ይህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መልስ ነው። ትናንት ፎቶዎቹን ስንሰቅል አያትየዋ አብረዋት መጥተው ነበር። ፎቶው ፊት ቆመው ብዙ አዩት። እኔ የሚያመሰግኑን መስሎኝ ነበር። «ይቺ ዙር ላልታ ኖሯል» አሉ፣ ሦስተኛውን ዙር በጣታቸው እየነኩ፤ «ፈትቼ እሰፋታለሁ።» እውነታቸውን ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ላልታለች። ከትናንት ጀምሮ እኔም ያቺን ዙር ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለ ልስላሴና ሻካራነት ብዙ አልልም፤ የእንጀራውን ፎቶ ብቻ እዩ። ሁለት ሆኖ ነው የተሰቀለው። አንዱ በስልኩ ፍላሽ ከፊት ለፊት የተነሳ ነው፤ እንጀራው የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ሌላው ያው እንጀራ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲገባበት የተነሳ ነው፤ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ጥላ ይዟል። የእንጀራን ቀዳዳ «ዓይን» ያሉት እናቶቻችን ናቸው፤ ጋጋሪዋም የምትመሰገነው በዓይኑ ነው። ያንን ዓይን የሚያሳየው የጎን ብርሃን ብቻ ነው።

ብርሃንና ጥላ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ የተጎዳነው እዚህ ላይ ነውና።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነች። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ የተነሳ ሰው ግንባሩ ያበራል፣ ዓይኖቹ ሁለት ጉድጓድ ይሆናሉ። ሠርግ ላይ ሙሽሮችን ሜዳ ላይ አቁመን በስድስት ሰዓት የምናነሳቸው ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወይም ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ፊት ቅርጽ ያገኛል። ያ ካልተመቸ ደግሞ ሁላችንም ቤት ያለ ስቱዲዮ አለ፤ የተከፈተ በር። ሰውየው ከደፉ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገብቶ ፊቱን ወደ ደጅ ይስጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቆዳችን ነው። ካሜራ ከፊቱ ያለውን አያውቀውም። የገባውን ብርሃን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ በሙያው 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ የሚባለውን ማለት ነው። አሁን ለፋሲካ ነጭ በነጭ የለበሰች ጠይም እናት ፊቱ አቁሙ። ነጠላውና ቀሚሱ ፍሬሙን ይሞሉታል። ካሜራው «ይህ እጅግ ነጣ» ይልና ያጨልመዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የእናትየዋ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ልጆቹ ይህን ፎቶ ሲያዩ «ካሜራው ጥሩ አይደለም» ወይም፣ ይህ ነው የሚያመኝ፣ «እማዬ ፎቶ ላይ አታምርም» ይላሉ።

ይህ ነገር ታሪክም አለው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። አጣቢው የእሷ ቆዳ ትክክል እስኪመጣ ድረስ ቀለሙን ያስተካክላል፤ የሌላው ሰው ቆዳ በዚያው ይታለፋል። ፊልሙ ጠቆር ያሉ ነገሮችን በዝርዝር እንዲያሳይ ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ይገኙበታል፤ ዕቃቸው ማስታወቂያ ላይ በደንብ አልታይ ብሏቸው ቅሬታ ስላቀረቡ ነው። ቤታችሁ ያለውን የድሮ አልበም ስታዩ የአንዳንዱ ዘመድ ፊት ለምን ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ እንደቀረ ስታስቡ ይህንንም አስቡ። አማርኛችን ለሰው ፊት ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ስም አውጥቶለታል፤ አንድ ማዕድ ዙሪያ ሁሉም ይገኛሉ። ዓይናችን ይህን ሁሉ ይለያል። መሣሪያው እንዲለይ ማድረግ የአንሺው ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳችሁ ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ የሰውየውን ፊት ንኩት፤ ካሜራው ለፊቱ ያስተካክላል። ግን ፊቱ ሲበራ ነጠላው ደግሞ ይነጣና ክሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሰውየውን ከፀሐይ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙት፤ በፊቱና በነጠላው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠባል። እዚህ ግድግዳ ላይ «ጥላ» ከሚለው ቃል በላይ የተሰቀለችው እናት እንደዚያ የተነሳች ናት። ጉንጯ ላይ ስንት ዓይነት ጥቁረት እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ የነጠላውን ክር ቁጠሩ። ሁለቱም አሉ። ልጇ ይህን ለማግኘት ሦስት እሑድ ፈጅቶበታል፤ በሦስተኛው ላይ እናቱ «በቃ ልጄ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ሲሉት ነው ይቺን ያነሳት።

በቀለም ጉዳይ ልጆቹ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ አጭር አደርገዋለሁ። መርካቶ ሄዶ ቀለም ማንሳት ያለ ልፋት ነው የሚመስለው፤ ሲያነሱት ግን ሁሉም ቀለም አብሮ ስለሚጮህ አንዱም አይሰማም። ሥራው «አንድ ቀለም ብቻ ይናገር» የሚል ነበር። አንዷ ያመጣችው ጭስ ባጠቆረው ማድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን ነው። ሌላ ምንም የለውም፤ አያስፈልገውምም። በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ብቻ ይዛ ምን ያህል እንደምትሄድ አሳይቻቸው ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት አሳይቻቸዋለሁ፤ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን መስታወት ላይ የሠሩት ነው። እዚያ ቀለሙን የሚያበራው የቀኑ ብርሃን ራሱ ነው። ከዚህ በላይ የቀለም መምህር አልፈልግላቸውም።

አንድ ነገር ግን ከልጆቹ ይልቅ ከወላጅ ተማርኩ። አንዲት ተማሪ አባቷን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ ከጎን አነሳቻቸው። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፤ አንድ የማይቋረጥ መስመር። በጣም የሚያምር ፎቶ ነው። አባትየው ግን ሲያዩት ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ምነው ግማሽ አደረግሽኝ?» መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳስበው እኚህ ሰው ሕፃን ሆነው ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያዩ ያደጉ ናቸው። እዚያ ቅዱሳኑ ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ከጎን የሚሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታያቸው፣ ይሁዳና አጋንንት ናቸው። ያ ሰዓሊ መስመርንና ቅርጽን ተጠቅሞ ደጉን ከክፉ ለየ፤ የልጅቷ አባትም ዓይን ያንን ፊደል ማንበብ ይችላል። ሁለቱን ፎቶ አብረን ሰቅለናቸዋል፣ የጎኑንና የፊቱን። ልጅቷ ሁለተኛውን ያነሳችው አባቷ ስላዘዟት አይደለም። ክርክራቸውን ይዛ ክፍል መጣች፣ ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ ከዚያ በኋላ ወዳ ነው ያነሳችው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ፎቶ አንስቶ ሲያሳያችሁ «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉት። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁም አትጠይቁት፤ ያን ጊዜ ስለ ዕቃው ይነግራችኋል። «ዓይንህ የት ጋ ቆመ?» በሉት። በጣቱ ያሳያችኋል። ከዚያ ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል።

የመጨረሻዋ ፎቶ ከኋላ ግድግዳ ላይ ብቻዋን ናት። ሥሯ የተጻፈው «ባዶ ቦታ» ነው። ያነሳት ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ቤተሰቡ ከተማው ዳር ወዳለ ቤት ተዛወረ። ሥራውን ስሰጥ ሁለት ታክሲ ይዞ ወደ ድሮው ሰፈር ተመለሰ። ፎቶው ውስጥ ሦስት አራተኛው ሰማይ ነው። ከሥሩ የተደለደለ አፈር። በግራ በኩል፣ ታች ጥግ ላይ፣ ምንጣፍ የምታህል የቀይ ሊሾ ቁራጭና የበር ደፍ ቀርታለች። መጀመሪያ ያነሳው ሊሾዋን መሐል ላይ አድርጎ ነበር፤ የድሮ ዕቃ ማስታወሻ ነው የምትመስለው። ልጆቹ ተከራከሩበት። «መሐል ላይ ስታደርጋት እኮ ቦታው ባዶ አልሆነም» አለው አንዱ። እንደገና ሄደ፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አቀና፣ ሊሾዋን ወደ ጥግ ገፋት።

ስናያት ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም እንደ ልማዴ ጠየቅኩት፤ «ዓይንህ የት ጋ ቆመ?» ሊሾዋን የሚያሳየኝ መስሎኝ ነበር። ጣቱን ያሳረፈው ከሊሾዋ በላይ፣ ምንም በሌለበት ሰማይ ላይ ነው። «እዚህ ጋ» አለኝ፤ «የእማዬ መስኮት እዚህ ጋ ነበር።»